ያልተመዘገበው ሀብት፦ ከቤት ወደ ቤት የዞሩ የተክል ቁራጮች ታሪክ



በነጌሌ ቦረና ከአባሎቻችን ወደ አንዷ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በረንዳው ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን ቆርቆሮዎች ነው። የዘይት ጣሳ አለ፤ የኒዶ ጣሳ አለ፤ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ። በውስጣቸው የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ እሬት፣ ጠጅ ሳር፣ አንዳንዴም ለዓይን ብቻ የተተከለ ጽጌረዳ ይገኛል። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከእከሊት ቤት ቆርጬ።» እከሊትም ብትጠየቅ ከሌላ ቤት ቆርጣ ነው። ደረሰኝ የለውም፣ ዋጋ የለውም፣ ቀን የለውም።

የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች እንደመሆናችን ደረሰኝ የሌለው ነገር ያስጨንቀናል። ስለዚህ በዚህ እትም የእነዚህን ቁራጮች ታሪክ በተቻለን መጠን ለመጻፍ ተነሥተናል። ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላም ምክንያት አለ፤ እኛ ራሳችን በመዝገባችን ላይ የሠራነው ስሕተት ነው። እሱን ከታች እናወጋችኋለን።

ግድግዳ ላይ የተመዘገበ ጉዞ

ሕይወት ያለው ተክል ከአገር ወደ አገር ሲጓጓዝ ከሚያሳዩት ጥንታዊ ሥዕሎች አንዱ የሚገኘው በግብፅ፣ ዴር ኤል ባሕሪ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ነው። ያስቀረጸችው ሴት ናት። ሀትሼፕሱት የተባለችው ፈርዖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ፑንት ወደ ተባለ አገር መርከቦች ላከች። ሰዎቿ የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲጭኑ በሥዕሉ ላይ ይታያሉ። ፑንት የት እንደነበረ ሊቃውንት ሲከራከሩ የኖሩበት ጉዳይ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ወደ ቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመለክታሉ።

ዕጣንና ከርቤ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደሉም። በቦረና፣ በጉጂና በሊበን ቆላ ሴቶችና ልጆች ዛሬም ዕጣን ለቅመው ወደ ገበያ ያወጣሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ንግሥቲቱ ዛፉን ከነሥሩ ለመውሰድ መርከብና ቀዛፊ አስፈልጓታል፤ የቆላ ሰው ግን ከከርቤ ዘመዶች ብዙዎቹ ሥር እንደማይጠይቁ ያውቃል። የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል መሬት ውስጥ ከተቸከለ ራሱ ሥር ያወጣል። በዚህ መንገድ ብዙ የከብት በረትና የጓሮ አጥር ቆሟል። ከደረቅ እሾህ የተሠራ አጥር ምስጥ ሲበላው በየጊዜው ሌላ ግራር መቁረጥ ይጠይቃል። በቁም የበቀለ አጥር ግን ዓመት በዓመት እየጠነከረ ይሄዳል።

ሁላችንም የምናውቀው ቅንጭብም እንዲሁ ነው። ቅንጭብ ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ ይተከላል። የተቆረጠው ቦታ ወተቱ እስኪደርቅ ድረስ ለጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ደረቅ አፈር ውስጥ ቢገባም አይሞትም። ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ልጆችን ከአጠገቡ ማራቅ እንደሚገባ እያንዳንዷ እናት ከእናቷ ሰምታለች። ይህን ሁሉ የጻፈልን የለም። የሀትሼፕሱት ግድግዳ የቆመው ለንግሥት ነው፤ ለአጥር የቆመ ግድግዳ የለም።

ዘር የማይጠየቅበት አገር

ከነጌሌ ወደ ሰሜን፣ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ደጋው ስንወጣ እንሰት ይጀምራል። የጉጂ ደጋ፣ ጌዴኦና ሲዳማ በእንሰት የሚኖሩ አገሮች ናቸው። በጠቅላላው በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው። የጌዴኦ መልክዐ ምድር፣ እንሰቱ ከቡናውና ከትልልቆቹ ዛፎች ጋር ተደባልቆ እንደቆመ፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የዱር እንሰት ከዘር ይበቅላል። የጓሮ እንሰት ግን የሚባዛው በቢላዋ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ዓመት የቆየ እንሰት ከግንዱ በታች ይቆረጥና የእድገቱ እምብርት ከመካከሉ ይወጣል። ቀሪው አሚቾ ከፍግ ጋር አፈር ይለብሳል። ከሳምንታት በኋላ በጠርዙ ዙሪያ ችግኞች እየተገፉ ይወጣሉ፤ ከአንዱ አሚቾ በአሥር የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዙ። እነዚህ ልጆች እናታቸውን ራሷን ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ገበሬ ጓሮ የቆመው የእንሰት ዓይነት፣ ቅድመ አያቶቹ የበሉት ያው ተክል ነው፤ የሞተው ሰው እንጂ ተክሉ አይደለም።

ይህ በረከት አደጋም አለው። ሁሉም አንድ አካል ስለሆነ በሽታ ሲመጣ ለሁሉም ይመጣል። እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው ደግሞ የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው የሚሄድ ቢላዋ ነው። ይህን በረንዳችን ላይም ማስታወስ አለብን። ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ቁራጭ ብቻ ሳይሆን ቢላዋውም ነው። ቢላዋውን በእሳት ለብልቦ ወይም በበረኪና አጥቦ መጠቀም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ምዕራብ፣ ከቦረና ማዶ ያሉት ኮንሶዎች ደግሞ ሺፈራውን፣ ማለትም ሞሪንጋን፣ በእርከኑና በግቢያቸው ውስጥ ይዘው ኖረዋል። በድንጋይ የተሠራው የኮንሶ እርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን ባህሉ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ነው። ሺፈራው ከዘርም ከቁራጭም ይበቅላል። ከቁራጭ የበቀለው ቶሎ ቅጠል ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስለማይኖረው በድርቅ ጊዜ ከዘር የበቀለውን ያህል አይጸናም። ቁራጭ ለሁሉም ነገር መልስ አይደለም፤ ጥላና ዕድሜ ለምንፈልግበት ዛፍ ዘር ይሻላል።

ውኃ ታሪክ በሠራባት ከተማ

ወደ ከተማችን እንመለስ። ነጌሌ የገበያም የጦር ሰፈርም ከተማ ናት። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሠራዊት የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ በኩል ካሸነፈ በኋላ የያዛት ይህችን ከተማ ነበር። ከነጻነት በኋላም ወታደር፣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ከየአቅጣጫው መጥቶባታል። ከሰዎቹ ጋር ሚስቶቻቸው መጡ፤ ከሚስቶቹ ጋር የወጥ ቤታቸው ቅመም መጣ። ለቅቤ ማንጠሪያ ኮሰረት፣ ለቡና ጤና አዳም የምትፈልግ ሴት በቆላ ገበያ ካላገኘች ከአገሯ የመጣ ሰው ያመጣላታል። እናቶቻችን እንደሚነግሩን ቁራጩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዕቃ መካከል ተሸጉጦ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር።

የመጣው ግን ውኃ ወደሚወደድበት አገር ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚሁ ነጌሌ የነበሩ ወታደሮች አመፁ። ምግቡ መጥፎ ነበር፤ የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። ከዚያ በኋላ አመፁ በሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የታሪክ መጻሕፍት አብዮቱን ሲተርኩ ብዙ ጊዜ ከነጌሌ ይጀምራሉ። ማለትም ከአንድ የውኃ ጉድጓድ ይጀምራሉ።

እንግዲህ ወታደር ለውኃ ባመፀባት ከተማ ኮሰረት በጣሳ ማቆየት ቀላል ሥራ አልነበረም። እናቶቻችን ያቆዩት በእጣቢ ነው። የስኒ እጣቢ፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያ። ሳሙና የበዛበትን ውኃ ግን ለቅንጭቡ አጥር እንጂ ለጣሳው አይሰጡም። ጣሳዎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በድርቅ ዓመታት በእርዳታ የመጣው የአራት ሊትር የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ባዶ ሲሆን ከታች በምስማር ይበሳና አፈር ይሞላል። የችግር ዘመን ማስታወሻ የሆነው ቆርቆሮ የአትክልት ማሰሮ ሆነ።

በትር ለምን ሥር ያወጣል?

እናቶቻችን የሚያውቁትን ሳይንስ ዘግይቶ ደረሰበት። ፍሪትስ ዌንት የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የተክል ጫፍ እድገትን የሚያዝ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ በሙከራ አሳየ። ይህ ንጥረ ነገር ኦክሲን ይባላል። ኦክሲን ከጫፍና ከለጋ ቅጠል ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ሲቆረጥ መውረጃ ስለሚያጣ ከቁስሉ በላይ ይጠራቀማል፤ እዚያም ሥር እንዲበቅል ያዛል። በ1930ዎቹ ይህ ከታወቀ በኋላ የሥር ማብቀያ ዱቄት ተሠርቶ በዓለም ገበያ ወጣ።

ከዚህ በመነሣት በቤታችን የምናደርገው ሁሉ ምክንያቱ ይገባናል፦

ቁራጩ ተገልብጦ አይተከልም። ኦክሲን የሚያውቀው የቀድሞውን ላይና ታች ነው። ላለመሳሳት የታችኛውን ጫፍ አግድም፣ የላይኛውን ቀጥ አድርገን እንቆርጣለን ብሎ መስማማት ይበጃል፤ የትኛውም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን።

የእርሳስ ያህል ውፍረት፣ የስንዝር ያህል ርዝመት፣ ቢያንስ ሦስት አንጓ ያለው ቀንበጥ ይመረጣል። በጣም ለጋው ይበሰብሳል፤ በጣም የጠነከረው ይዘገያል። ከአንጓው ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ ምክንያቱም ሥር በብዛት የሚወጣው ከአንጓ አካባቢ ነው። የታችኛው ቅጠል ይለቀማል፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ብቻ ይቀራል። ቅጠል ውኃ ያወጣል፣ ቁራጩ ደግሞ ገና የሚጠጣበት ሥር የለውም።

አበባ የያዘ ቀንበጥ አይቆረጥ፤ ጉልበቱን ለአበባው ይሰጣል። አፈሩ ግማሹ አሸዋ ይሁን። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከወገቡ ተቆርጦ ቢደፋበት እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ጣሳው ግን ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፣ አለዚያ በፀሐይ ይቀቀላል። ለእሬትና ለቅንጭብ ፕላስቲክ አይደፋም፤ እነሱ እርጥበት ሲበዛ ይበሰብሳሉ። ቁራጩን «ሥር አወጣህ ወይ?» እያሉ መንቀል የልጅ ሥራ ነው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ መልሱን ራሱ ይነግረናል።

ስሕተታችን

አሁን ወደ መዝገባችን እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በማኅበራችን አንድ ሐሳብ ቀረበ። «ተክሉን በነጻ ከምንበትነው በአንድ ግቢ ሰብስበን፣ አባዝተን እንሽጠው» የሚል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገቢ ያስፈልገን ነበር። አባላት ጣሳዎቻቸውን አመጡ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ተደረደሩ። ለሰው በነጻ መቁረጥ ቀረ። እኛም በሒሳብ መዝገቡ ላይ ቀድሞ የተሰጠውን ሁሉ «በነጻ የወጣ» በሚል ዓምድ አስገብተን እንደ ኪሳራ ደመርነው። ቁጥሩ ሲታይ ደነገጥን፤ ይህን ያህል ሀብት ያለ ዋጋ መውጣቱ ቆጨን።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ቦረናዎች «ሃገያ» የሚሉት የመጸው ዝናብ ቀረ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው «ገና»ም (በዓሉን ማለታችን አይደለም) ቀረ። በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ከሸፈ። በዚያ ድርቅ በቦረናና በአካባቢው ከብቱ እንዴት እንዳለቀ፣ ስንት ቤተሰብ መንደሩን ትቶ እንደወጣ አባሎቻችን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። በአህያ ጋሪ የሚመጣው ውኃ ሲወደድ ስብሰባ ተቀመጥን። ያለውን ውኃ ለልጆች ወይስ ለጣሳዎቹ? ይህ ጥያቄ ክርክር አልነበረውም። ጣሳዎቹ ተራ በተራ ደረቁ። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ጣሳ ቢሆን የስኒ እጣቢ ይበቃው ነበር፤ በአንድ ግቢ የተሰበሰበ ግን ጋሪ ሙሉ ውኃ ይጠይቃል። ይህን አስቀድመን አላሰላንም።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናቡ ሲመለስ በግቢያችን አንድም የኮሰረት ሥር አልነበረም። ያገኘነው በአንዲት የማኅበራችን አባል ባልሆኑ እናት ቤት ነው። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ከእኛው ቆርጠው የወሰዱት ነበር። በተከራዩት አንድ ክፍል ደጃፍ፣ በአንድ ጣሳ፣ በስኒ እጣቢ አቆይተውታል። እኚሁ እናት በድርቁ መካከል ጤና አዳም ፈልገው ሲመጡ «አሁን በዋጋ ነው» ብለን አስከፍለናቸው እንደነበር ስናስታውስ አፈርን። ዋጋ ልንከፍል ስንል «የእናንተው አይደል እንዴ፣ እማማ ምን ትቀበላችኋለች?» አሉን። የሚበቃንን ያህል ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልን። ሮዝመሪውን፣ ጠጅ ሳሩንና እሬቱንም እንዲሁ «በነጻ የወጣ» ብለን ከመዘገብናቸው ቤቶች አንድ በአንድ መለስናቸው።

እንደ ኪሳራ የደመርነው ዓምድ ቁጠባችን ሆኖ ተገኘ። በእጃችን የያዝነው ሁሉ ጠፋ፤ የሰጠነው ተረፈ።

ይህ ለቦረና ሽማግሌዎች አዲስ ነገር አይደለም። «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ወገኖች ከብት ይሰጠዋል፤ ዳግም መንጋ ይመሠርታል። የሚሰጠው ሰው እጁ ላይ ያለችው ላም የእሱ ብቻ እንዳልሆነች ያውቃል፤ ነገ ድርቁ በእሱ ሊብስ ይችላል። በአማርኛም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እኛ ግን ሃምሳውን ሎሚ አንድ ሰው አሸክመን ነበር።

ሌሎች ምን ያደርጋሉ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ስኳር ድንች በሐረጉ ስለሚተከል፣ ድርቅ ሐረጉን ሲጨርሰው ዝናብ ቢመጣም የሚተከል ይጠፋል። ለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ የተሠራ ቀላል ዘዴ አለ። ጤነኛ የሆኑ ትናንሽ ድንቾች በገንዳ ወይም በባልዲ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዝናቡ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ወጥተው ይተከሉና ውኃ ይጠጣሉ፤ ዝናቡ ሲደርስ ሐረግ ይኖራል። ብርቱካናማውን ስኳር ድንች ለአፍሪካ ልጆች ያዳረሱት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተጋሩት መካከል ናቸው።

በሌላ በኩል፣ በቆቃ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች ገና ሥር ያላወጣ ቁራጭ በብዛት እየለቀሙ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። ለቃሚዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቁራጭ ገንዘብ አይሆንም አንልም። የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀው ሥራ ዛሬ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። የእኛ ጥያቄ ምኑን እንሽጥ፣ ምኑን እንስጥ የሚለው ነው።

የወሰንነው

በጠቅላላ ስብሰባችን የተስማማንበት ይህ ነው። ሥር ያወጣ፣ በጣሳ የተዘጋጀ ችግኝ ይሸጣል፤ በዚህ ውስጥ የአባላት ድካምና ውኃ አለና። ሥር ያላወጣ ቁራጭ ግን ለማንም አይሸጥም፤ ለጠየቀ ሁሉ ይቆረጥለታል። እያንዳንዷ አባል ካላት ዓይነት ሁሉ ቢያንስ ለሁለት ቤት ትሰጣለች፤ አንዱ ቤት ከማኅበሩ ውጭ ይሆናል። ወደ ሻኪሶ፣ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ሞያሌ የምትሄድ አባል ካለች ቁራጭ ትይዛለች፤ ዝናብ በአንዱ ከተማ ሲቀር በሌላው ሊጥል ይችላልና።

በሒሳብ መዝገቡም «በነጻ የወጣ» የሚለው ርእስ ተሰርዟል። በምትኩ «በሰው እጅ ያለ» የሚል ዓምድ ከፍተናል። ከጎኑ የተክሉ ዓይነት፣ የተሰጠበት ወርና ሰፈር ይጻፋል። ዋጋ አይጻፍበትም። ደጋፊዎቻችንም በሪፖርታችን ላይ «በግቢያችሁ ስንት ችግኝ አለ?» ከሚለው ቁጥር አጠገብ ይህን ቁጥር ስታዩ፣ የባከነ ሳይሆን የተቀመጠ መሆኑን እንድትረዱልን እንጠይቃለን።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቁራጭ ይዛችሁ ኑ። ቢላዋችሁን አጽድታችሁ ቁረጡ፣ የታችኛውን ጫፍ አትርሱ። ስትሄዱ ደግሞ የሌላ ሰው ቁራጭ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እኛ መዝገቡን ይዘን በር ላይ እንጠብቃችኋለን።